ያ ባለቀለም የግጭት ምስል ፎቶ ነው ወይስ ሥዕል?

ብሌን

ሰላም ለሁላችሁ። ሂግስ ቦዞን ስለሚባለው ቅንጣት በተጻፈ ነገር ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ምስል ተለጥፎ አገኛለሁ። ጥቁር መደብ አለው። መሃል ላይ ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደየአቅጣጫው የሚበተኑ ቢጫ መስመሮች፣ ዙሪያውን አረንጓዴና ሰማያዊ ሳጥኖች፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉንም ጥሰው እስከ ጠርዝ የሚወጡ አራት ረጃጅም ቀይ መስመሮች። ከሥሩ «በሲኤምኤስ የተመዘገበ ግጭት» ይላል፣ በቃ። መስመሩ ምንድን ነው፣ ሳጥኑስ ምንድን ነው የሚለውን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ፕሮቶን በዓይን ከምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ካሜራ ቢሠራ በብርሃን ሊታይ አይችልም፣ እዚህ ድረስ ይገባኛል። ታዲያ ያንን መስመር ማን አየው? ሠዓሊ ነው የሳለው? ወይስ ኮምፒውተር ከራሱ ያመነጨው ነገር ነው? ደግሞስ ሂግስ ተፈጠረ ከመባሉ ይጠፋል እየተባለ እንዴት ነው «አገኘነው» የሚሉት? ፊዚክስ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምሬያለሁ፣ ከዚያ በላይ ቀመር ባታበዙብኝ ደስ ይለኛል። ግን ነገሩንም አድበስብሳችሁ እንዳታልፉኝ፣ በትክክል ምን እንደሚለካ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሲሊከን

ብሌን፣ ፎቶም አይደለም፣ ሠዓሊ የሳለውም አይደለም። ከልኬት ተነስቶ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው። ሲኤምኤስ ደግሞ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ማዕከል፣ ፕሮቶኖችን በሚያጋጨው ኤልኤችሲ ላይ ያለ ግዙፍ የቅንጣት መለኪያ (ዲቴክተር) ነው። እያንዳንዱ መስመር ከጀርባው ቁጥሮች አሉት፣ ቁጥሮቹ ደግሞ ከእውነተኛ የኤሌክትሪክ ምት የመጡ ናቸው።

ከታች ልጀምርልሽ። ቅንጣቷን ራሷን ማንም አያይም። የምናየው ባለፈችበት ቁስ ላይ ያደረሰችውን ነው። ቻርጅ ያላት ፈጣን ቅንጣት የሆነ ነገር ውስጥ ስታልፍ በመንገዷ ካሉት አቶሞች ኤሌክትሮን እያላቀቀች ትሄዳለች። እሷ ብዙም ሳትዳከም መንገዷን ትቀጥላለች። ሥራው ሁሉ ያለው እነዚያን የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች መሰብሰብ ላይ ነው።

አንድ የሲሊከን ንጣፍ እንውሰድ። ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቅንጣቷ በስታው ስታልፍ ከ20 ሺህ በላይ ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ። በጣም ትንሽ ቻርጅ ነው፣ ለቺፕ ግን ይበቃዋል። ንጣፉ ላይ ቮልቴጅ ስለተጫነበት ኤሌክትሮኖቹ በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሳባሉ፣ እዚያ ደግሞ ንጣፉ በጥቃቅን ፒክስሎች ተከፋፍሏል። ሲኤምኤስ ላይ የአንዷ ፒክስል ስፋት 100 በ150 ማይክሮሜትር ነው። ቺፑ የሚመዘግበው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ፒክስል፣ መቼ፣ ምን ያህል ቻርጅ። ይህችን ምልክት እኛ «ሂት» እንላታለን። ዲቴክተሩ ከዚህ ውጭ ምንም አይናገርም። መስመር አያውቅም፣ ቀለም አያውቅም።

አሁን እንዲህ ያለውን ንጣፍ በግጭቱ ቦታ ዙሪያ ደራርቢው። በሲኤምኤስ መሃለኛ ክፍል 4 የፒክስል ንብርብር አለ፣ ከእሱ ውጭ ደግሞ 10 ሌላ የሲሊከን ንብርብር። ሁሉም ከመሃሉ እስከ 1.1 ሜትር አካባቢ ባለው ቦታ ውስጥ ናቸው። አንዲት ቅንጣት ስትወጣ በየንብርብሩ አንዳንድ ሂት ትታ ትሄዳለች። ችግሩ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ስለሚወጡ የትኛው ሂት የማን እንደሆነ የተጻፈበት የለም። ፕሮግራሙ ከውስጠኞቹ ንብርብሮች ሦስት አራት ሂቶች ወስዶ «እነዚህ የአንድ ቅንጣት ቢሆኑ ቀጣዩ ሂት የት መሆን ነበረበት?» ብሎ ይተነብያል፣ እዚያ አካባቢ ይፈልጋል፣ ካገኘ ግምቱን ያስተካክልና ወደሚቀጥለው ንብርብር ይሄዳል። ካላገኘ ይተወዋል። ይህ ካልማን ፊልተር የሚባለው ዘዴ ነው፣ የአፖሎ መንኮራኩሮች ቦታቸውን ለማወቅ የተጠቀሙበት ያው ስሌት ነው። ቢጫው መስመርሽ እንግዲህ በነዚያ ሂቶች መካከል የተዘረጋው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

መስመሩ የሚጎብጠው ደግሞ በማግኔት ምክንያት ነው። ሲኤምኤስ 3.8 ቴስላ የሆነ ትልቅ ማግኔት አለው። ቻርጅ ያላት ቅንጣት እዚያ ውስጥ ትታጠፋለች፦ ፖዘቲቭ ከሆነች ወደ አንድ ጎን፣ ኔጋቲቭ ከሆነች ወደ ሌላው። ሞመንተሟ ሲበዛ መታጠፏ ይቀንሳል። 1 ጌጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ጉልበትና ግዝፈት የሚለካበት አሃድ ነው) ብቻ ያላት ቅንጣት 90 ሴንቲሜትር ገደማ ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ጉብጠቷ በዓይን ይታያል። 100 ያላት ግን የክቧ ራዲየስ 90 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በዚያ 1.1 ሜትር ውስጥ ከቀጥታ መስመር የምታፈነግጠው 2 ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። ያቺን ጥቂት ነገር በትክክል ለመለካት ነው ንጣፎቹ የት እንዳሉ በማይክሮሜትሮች ደረጃ መታወቅ ያለበት። ምስሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ስታዪ እንግዲህ «ይሄ ጉልበተኛ ነው» በዪ።

ቀለሙን የመረጠው ሰው ነው። ቢጫ የተደረገው ጥቁር ላይ ስለሚታይ ነው፣ ቅንጣት ቀለም የለውም። ሌላም ልብ በዪ፦ ዝቅተኛ ሞመንተም ያላቸው መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ ይደበቃሉ፣ አለበለዚያ ምስሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ የምታዪው ከተመዘገበው ጥቂቱን ነው።

የድሮ መምህር

ሲሊከን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ ከኋላ ያለውን ልጨምር፣ ምክንያቱም አንድ ዘመን ላይ ምስሉ እውነትም ፎቶ ነበር፣ እና ያንን ያወቀ ሰው የዛሬውን በቀላሉ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ቻርልስ ዊልሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1911 በደመና ክፍል ውስጥ የቅንጣት ዱካ ፎቶ አነሳ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በውሃ ተን የጠገበ አየር ድንገት እንዲሰፋ ሲደረግ ይቀዘቅዛል፣ ተኑም ወደ ጠብታ ለመለወጥ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ቅንጣቷ ባለፈችበት መንገድ ላይ የቀሩት ቻርጅ ያላቸው አቶሞች ያንን ሥራ ይሠራሉ። በእነሱ ላይ ጠብታ ይሰበሰብና አውሮፕላን ሰማይ ላይ ትቶት እንደሚሄደው ነጭ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አውሮፕላኑን ባታዪውም በየት እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ዊልሰን በ1927 ኖቤል ተሸለመበት።

ብሌን ልጄ፣ አንድ ፎቶ ፈልጊና እዪ፣ የካርል አንደርሰንን የ1932 ፎቶ። እኔ ለተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድሜ የማሳያቸው እሱን ነው። መሃል ላይ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ብረት ሰሌዳ አግድም ተጋድሟል። አንድ ቀጭን ዱካ ከሥር መጥቶ ሰሌዳውን በስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ክፍሉ ማግኔት ውስጥ ስለሆነ ዱካው ይጎብጣል። አሁን እንደ መርማሪ ሆነሽ አስቢ። ከሰሌዳው በላይ ያለው ክፍል ከታችኛው ይልቅ አብዝቶ ጎብጧል። አብዝቶ መጉበጥ ማለት ሞመንተም መቀነስ ነው። ቅንጣት ብረት በስታ ስታልፍ ጉልበት ታጣለች እንጂ አታገኝም። ስለዚህ የተጓዘችው ከታች ወደ ላይ ነው። አቅጣጫዋ ከታወቀ፣ የማግኔቱ አቅጣጫም ከታወቀ፣ የታጠፈችበት ጎን ቻርጇ ፖዘቲቭ መሆኑን ይነግርሻል። ፕሮቶን ትሆን? አይ። ያን ያህል የሚጎብጥ ፕሮቶን በጣም ዝግ ያለ ነው የሚሆነው፣ ቶሎ ይቆማል፤ አንደርሰን እንደጻፈው የታየው ዱካ ፕሮቶን ሊሄድ ከሚችለው ቢያንስ በ10 እጥፍ ይረዝማል። እንግዲህ የቀረው እንደ ኤሌክትሮን ቀላል የሆነ ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ነገር ነው። ፖዚትሮን በዚህ መንገድ ተገኘ፣ ፀረ ቁስ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከአንዲት ፎቶ! ሰሌዳው ባይኖር ዱካው ከላይ ወደ ታች ይውረድ ወይም ከታች ወደ ላይ ይውጣ ማወቅ ባልተቻለ ነበር። እኔ የዚህን ሙከራ ውበት ተናግሬ አልጠግብም።

ከዚያ በ1952 ዶናልድ ግሌዘር የአረፋ ክፍልን ፈጠረ። እዚያ ደግሞ ሊፈላ የደረሰ ፈሳሽ ውስጥ በዱካው ላይ አረፋ ይፈጠራል። ጋርጋሜል የሚባለው ትልቁ የሰርን የአረፋ ክፍል በ1973 የኒውትራል ከረንትን (ቅንጣቶች ቻርጅ ሳይለዋወጡ በደካማው ኃይል የሚገናኙበትን ክስተት) ማስረጃ የሰጠው በዚሁ ዘዴ ነው። ፎቶዎቹን ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በብርሃን እያበሩ አንድ በአንድ በዓይናቸው ይመረምሯቸው ነበር።

ፎቶ የቀረው ስለዘገየ ነው። ጆርጅ ሻርፓክ በ1968 በጋዝ የተሞላና በብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠረ ክፍል ሠራ፣ ቅንጣት ስታልፍ በቅርብ ያለው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምት ይመጣል፣ ምቱም በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ካሜራ የለ፣ ፊልም የለ። ለዚህ በ1992 ኖቤል አገኘ። የዛሬው ሲሊከን የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ቀስ በቀስ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የሰሌዳው ነገር ገብቶኛል። ሲሊከን ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ሁሉም የተወራው ቻርጅ ስላላቸው ነው። ፎቶን ቻርጅ የለውም፣ ኒውትሮንም የለውም፣ ኒውትሪኖ ደግሞ ጭራሽ ምድርን በስቶ ያልፋል ይባላል። እነሱ በሲሊከኑ ውስጥ ዱካ ካልተዉ ምስሉ ላይ ከየት መጡ? ወይስ አይሳሉም?

ሲሊከን

ሳጥኖቹ የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ብሌን የጠየቀቻቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ሳጥኖች ማለቴ ነው።

ከሲሊከኑ ውጭ ካሎሪሜትር የሚባል ክፍል አለ። ሲሊከኑ ቅንጣቷን ሳይረብሽ ያሳልፋታል፣ ካሎሪሜትሩ ግን እንድትቆምለት ነው የሚፈልገው። የሲኤምኤስ የመጀመሪያው ካሎሪሜትር ወደ 76 ሺህ የሚጠጉ የሊድ ተንግስቴት ክሪስታሎች አሉት። ይህ ክሪስታል በመጠን ሲነጻጸር ከብረት ይከብዳል፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ፎቶን ሲገባበት ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይከፈላል፣ እነሱ ሌላ ፎቶን ይለቃሉ፣ እሱም ይከፈላል፣ እንዲህ እያለ ጉልበቱ ተከፋፍሎ እስኪያልቅ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ክሪስታሉ ውስጥ የብርሃን ብልጭታ ይፈጠራል፣ የብልጭታው መጠን ከገባው ጉልበት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከኋላው ያለው የብርሃን መቀበያ ያንን ይለካል። የሳጥኑ ቁመት በቃ ያ ጉልበት ነው። አረንጓዴ ሳጥን ቢጫ መስመር ከደረሰበት ኤሌክትሮን ሊሆን ይችላል፣ መስመር የሌለው አረንጓዴ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ፎቶን ነው ብለሽ መጠርጠር ትጀምሪያለሽ።

ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ ፓዮን እና መሰሎቻቸው ብዙውን ጊዜ ያንን አልፈው ሁለተኛው ካሎሪሜትር ውስጥ ነው የሚቆሙት። ሰማያዊው ሳጥን እሱ ነው። (የሲኤምኤስ የዚህ ክፍል ናስ በከፊል የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያ ባሕር ኃይል የመድፍ ቀለሆች ቀልጦ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀለህ። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።)

ሙዎን ግን አይቆምም። ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ እንደ ኤሌክትሮን ጉልበቱን ቶሎ አይበትንም፣ እንደ ፕሮቶንም ከኑክሊየስ ጋር አይላተምም። ዕድሜው 2.2 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ዲቴክተሩን ለቆ ለመውጣት ከበቂ በላይ ነው። ሁሉንም ጥሶ ሲወጣ መጨረሻ ላይ ለእሱ ብቻ የተሠሩ የጋዝ ክፍሎች ይቀበሉታል። ብሌን ያየቻቸው እስከ ጠርዝ የሚወጡ ቀይ መስመሮች ሙዎን ናቸው። እዚያ ድረስ የሚደርስ ሌላ ነገር ስለሌለ ማለት ይቻላል።

ኒውትሪኖ፦ ዋናዎቹ ትልልቅ ዲቴክተሮች ላይ ምንም አይተውም። ስለዚህ የሚፈለገው በጎደለው ነገር ነው። ሁለቱ ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ወደ ጎን የሚሄድ ሞመንተም ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከግጭቱ በኋላ ወደ ጎን የሚወጣው ሁሉ ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት። ወደ ቀኝ ብዙ ሄዶ ወደ ግራ ምንም ከሌለ፣ ወደ ግራ የሄደ ያላየነው ነገር አለ ማለት ነው። ምስሉ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ በቀስት ይሳላል። ደብልዩ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት በ1983 ሰርን ላይ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፣ አንድ ጉልበተኛ ኤሌክትሮን በአንድ በኩል፣ በሌላው በኩል ባዶ። እርግጥ ነው ከኮላይደር የወጣ ኒውትሪኖ በቀጥታም ታይቷል፣ ፌዘር የሚባለው ሙከራ በ2023 አሳውቋል፤ እሱ ግን አትላስ ከሚባለው ሌላኛው ትልቅ የኤልኤችሲ ዲቴክተር 480 ሜትር ርቆ በጨረሩ አቅጣጫ የተቀመጠ ሌላ ዲቴክተር ነው።

ብሌን

ቀስ በቀስ ጥያቄህ ለእኔም ጠቅሞኛል። ሲሊከን፣ መምህር፣ እናመሰግናለን። አሁን ሳጥኑም መስመሩም ገባኝ። ግን ሂግስስ? አራቱ ቀይ መስመሮች ሙዎን ከሆኑ ሂግስ ራሱ ምስሉ ላይ የት ነው ያለው?

ባለቀመር

የለም ብሌን። ምስሉ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

የሂግስ ዕድሜ በስሌት የአንድ ሰከንድ ትሪሊዮን ትሪሊዮንኛ 160 እጥፍ ያህል ነው፤ በቁጥር ልጻፈውና 0.00000000000000000000016 ሰከንድ አካባቢ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሄድ የሚጓዘው ከአንድ አቶም ስፋት በሺህ እጥፍ ያነሰ ርቀት ነው። የመጀመሪያው የሲሊከን ንብርብር ደግሞ ከግጭቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ይርቃል። ሲፈርስ ከሚወጡት ልጆቹ፣ እዚህ ከአራቱ ሙዎኖች፣ በቀር የሚደርስ የለም።

ታዲያ ከልጆቹ ወላጁን እንዴት ያውቃሉ? የአራቱን ሙዎኖች ጉልበት ትደምሪያለሽ። ሞመንተማቸውን ደግሞ ከነአቅጣጫው ትደምሪያለሽ። የጉልበቱ ድምር ካሬ ሲቀነስ የሞመንተሙ ድምር ካሬ፣ የወላጁን ግዝፈት ካሬ ይሰጥሻል። ይህ የአንስታይን ነገር ነው፣ ወላጁ የቱንም ያህል እየፈጠነ ቢሄድ መልሱ አይለወጥም። ቀመሩ ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨምርብሽም።

አሁን ዋናው ነጥብ። አንድ ምስል ላይ ይህን ስሌት ሠርተሽ 125 ጌጋ ኤሌክትሮንቮልት ቢመጣልሽ፣ ሂግስ አገኘሁ ማለት አትችዪም። አራት ሙዎን ከሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ በአጋጣሚም 125 ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ከሥሩ ሁልጊዜ «ዕጩ» የሚለው። ጋዜጦች ይህን ቃል እየጣሉ ምስሉን «የሂግስ ፎቶ» ብለው ሲለጥፉ በጣም ነው የሚከፋኝ፣ ምክንያቱም አንባቢው የቀረውን ሥራ ሁሉ እንዳያውቅ ያደርጋል። ግኝቱ ያለው ምስሉ ላይ ሳይሆን ግራፉ ላይ ነው። ብዙ ብዙ ግጭት ወስደሽ የእያንዳንዱን ግዝፈት ታሰይና ስንቱ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደወደቀ ትቆጥሪያለሽ። ሂግስ ባይኖር ለስለስ ብሎ የሚወርድ መስመር ታገኚያለሽ። ካለ ግን 125 አካባቢ ጉብታ ይወጣል። በሁለት ፎቶን መንገድ የሚፈርሰው ከ1000 ሂግስ 2 ያህሉ ብቻ ነው፣ ያም ሆኖ ፎቶኖቹ በጥራት ስለሚለኩ ጉብታው ከታዩባቸው ዋና መንገዶች አንዱ እሱ ነበር። አትላስና ሲኤምኤስ ለየብቻ ሠርተው ጁላይ 4 ቀን 2012 ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ጉብታ እንዳገኙ ተናገሩ። መስፈርቱ አምስት ሲግማ የሚባለው ነው፦ ሂግስ ሳይኖር እንዲህ ያለ ጉብታ በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ።

ደግሞ በጎን በኩል፣ ሁሉም ቅንጣት እንደ ሂግስ አይቸኩልም። ቢ ኳርክ (ከባድ ከሆኑት የኳርክ ዓይነቶች አንዱ) የያዙ ቅንጣቶች 1.5 ፒኮሰከንድ ያህል ይኖራሉ፣ ሲፈጥኑ ደግሞ ጊዜያቸው ስለሚረዝም ጥቂት ሚሊሜትር ይጓዛሉ። ምስሉን መሃሉ ላይ አጉልተሽ ብታዪው ከዋናው ነጥብ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለተኛ ነጥብ ታገኚያለሽ፣ ከእሱ የሚነሱ የራሱ መስመሮች ያሉት። የሞተበት ቦታ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ «ማየት» በጣም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

ጥያቄ ምልክት

ሁሉንም አነበብኩ። ቅር አይበላችሁና እኔ አልተዋጠልኝም። ሂቱን የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው። የትኛው መስመር እንደሚታይ የሚወስነው ሰው ነው። ከዚያ አልፎ አብዛኛው ግጭት ሳይመዘገብ እንደሚጣል ሰምቻለሁ። ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወስናችሁ የማይመስላችሁን ከጣላችሁ የፈለጋችሁትን ብታገኙ ምን ይገርማል?

ሲሊከን

ቅር አይለኝም፣ ይሄ ጥያቄ እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊጨነቅበት የሚገባ ነው፣ ይጨነቅበታልም።

መጣሉ እውነት ነው። ኤልኤችሲ ላይ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ ወደ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ሁሉንም ለማስቀመጥ የሚበቃ ማከማቻ የለም። ስለዚህ ትሪገር የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው ደረጃ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚሠራ ነው፣ በሲኤምኤስ 4 ማይክሮሰከንድ ያህል ውስጥ ይወስናል፣ እስከዚያ ሂቶቹ ዲቴክተሩ ላይ ባለ ጊዜያዊ ሜሞሪ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የሚያልፈው በሰከንድ ወደ 100 ሺህ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሮች ይቀበሉና በሰከንድ ወደ ጥቂት ሺህ ያወርዱታል። የቀረው ለዘላለም ይጠፋል። ስጋትህ እዚህ ላይ ትክክል ነው፤ ትሪገሩ ያላሰበው ዓይነት ነገር ቢመጣ ሊያመልጠን ይችላል።

ለዚህ ሲባል የሚደረግ ነገር ግን አለ። ከተጣሉት መካከል በዘፈቀደ እየተመረጠ የሚቀመጥ ናሙና አለ፣ ትሪገሩ ምን እንደሚጥል የሚታወቀው በእሱ ነው። ሲኤምኤስ ደግሞ ሙሉ መረጃውን ትቶ አጭር መግለጫውን ብቻ በማስቀመጥ በጣም ብዙ ግጭት የሚያስቀርበት ዘዴ አለው። ኤልኤችሲቢ የሚባለው ሙከራ ከ2022 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክሱን ደረጃ ጨርሶ አንስቶ ሁሉንም ግጭት በጂፒዩ (በግራፊክስ ፕሮሰሰር) ማንበብ ጀምሯል። ሌላው ነገር፣ ትሪገሩ «125 ጌጋ የሆነውን አምጣ» አይልም። የሚለው «ጉልበተኛ ሙዎን ወይም ፎቶን ያለበትን አምጣ» ነው። ጉብታው 125 ላይ ይሁን 140 ላይ እሱ አያውቅም።

ፕሮግራሙ ስለሚያገናኘው መስመር ደግሞ፣ መልሱን አስቀድመን በምናውቀው ነገር ይፈተናል። ዜድ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት ግዝፈቱ 91.19 ጌጋ ኤሌክትሮንቮልት ነው፣ ይህን ሌፕ የሚባለው ኮላይደር በኤሌክትሮንና በፖዚትሮን ለክቶት ነበር፣ ኤልኤችሲ ዛሬ ባለበት 27 ኪሎሜትር ዋሻ ውስጥ። አሁን በየቀኑ ዜድ ወደ ሁለት ሙዎን ሲፈርስ እናያለን። የእኛ መስመሮች ጉብታውን 91.19 ላይ ካላስቀመጡት የሆነ ንጣፍ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ወይም የማግኔቱ ካርታ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ተፈልጎ ይስተካከላል። ግጭት በሌለ ጊዜም ከሰማይ የሚወርዱ ሙዎኖች ዲቴክተሩን ከላይ እስከ ታች ስለሚያልፉ የንጣፎቹን ቦታ በእነሱ እናረጋግጣለን። ከዚያ ደግሞ አትላስና ሲኤምኤስ አሉ። ማግኔታቸው ይለያያል፣ ካሎሪሜትራቸው ይለያያል (የአትላስ በፈሳሽ አርጎን ነው የሚሠራው)፣ ፕሮግራማቸውም ሰዎቻቸውም ይለያያሉ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው በተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ መጠን ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ባለቀመር

በዚህ ላይ፣ ሂግስን ሲፈልጉ የነበሩት ጉብታው ይወጣል የተባለበትን ቦታ ትንተናቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ሸፍነው ነበር የሚሠሩት። መምረጫውን ካጸደቁ በኋላ ነው የከፈቱት። ጥያቄ ምልክት ያነሳኸውን ስጋት እነሱም ስለሚሰጉት ነው።

ጥያቄ ምልክት

የዜድ ፈተናው አሳማኝ ነው። የትሪገሩ ግን አሁንም ይከነክነኛል።

ሲሊከን

እኔንም።

ብሌን

ሰርን መረጃውን ለሕዝብ የከፈተበት ገጽ እንዳለ ሰው ጠቁሞኝ ገባሁ። የሲኤምኤስ ግጭቶች በብሮውዘር ይከፈታሉ፣ ምስሉን ማዞርም ማጉላትም ይቻላል። ሁለት ሙዎን ያለበት አንዱን ከፈትኩ። ቀዮቹን አወቅኳቸው፣ ሳጥኖቹንም አወቅኳቸው። ግን ከጎን ሳየው መስመሮቹ ከአንድ ነጥብ አይነሱም፣ በጨረሩ መስመር ላይ በተለያየ ቦታ ተደርድረዋል። ከፊት ሳየው ግን ከአንድ ቦታ የወጡ ይመስላሉ። ይሄ ባለቀመር ያለው ቢ ኳርክ ነው?

ሲሊከን

አይደለም፣ ግን ጥሩ አይተሻል። ቢ ኳርክ ሚሊሜትር ነው፣ ያንቺ በሴንቲሜትር የተራራቀ ይመስለኛል።

የሚጋጩት ሁለት ፕሮቶኖች ብቻቸውን አይደሉም። በአንድ ጥቅል ውስጥ 100 ቢሊዮን ገደማ ፕሮቶን አለ። ሁለት ጥቅሎች ሲተላለፉ አብዛኞቹ ሳይነካኩ ያልፋሉ፣ ጥቂት አሥሮች ግን ይጋጫሉ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት። ጥቅሉ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ግጭቶቹ በርዝመቱ ላይ በበርካታ ሴንቲሜትር ይበተናሉ። ከፊት ስታዪው ይደራረባሉ፣ ከጎን ስታዪው ይለያያሉ። ሁለቱን ቀይ መስመሮች ወደ ኋላ ተከትለሽ ከየትኛው ነጥብ እንደተነሱ እዪ፣ የሚያጓጓው ግጭት እሱ ነው። ከሌሎቹ ነጥቦች የተነሱት ቢጫዎች ከእሱ ጋር አይገናኙም፣ ስሌቱ ውስጥም አይገቡም። ለፎቶን ግን ይህ ከባድ ነው፣ ወደ ኋላ የምትከተዪው መስመር የለውም።

በሚቀጥለው የኤልኤችሲ ማሻሻያ ደግሞ በአንድ መተላለፍ እስከ 200 ግጭት ይጠበቃል። ያኔ ነጥቦቹ በጣም ስለሚቀራረቡ በቦታ ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱም ሙከራዎች አንድ ቅንጣት ያለፈችበትን ሰዓት በጥቂት አሥር ፒኮሰከንዶች የሚለኩ አዳዲስ ንብርብሮች እየሠሩ ነው። ግጭቶቹ በአንድ ቅጽበት ናቸው ብዬሻለሁ፣ ግን በዚያ ደረጃ ሲለካ አንድ ላይ አይደሉም፣ አንዱ ከሌላው ቀደም ይላል። ቦታቸው አንድ የሚመስል ሁለት ግጭቶች በሰዓታቸው ይለያያሉ።

ያንቺን ምስል አሁን ከጎን እንደሆነ አቁሚውና የዝቅተኛ ሞመንተም ገደቡን ወደ ዜሮ አውርጂው። የተደበቁት ሁሉ ይወጣሉ። ነጥቦቹን ቁጠሪና ስንት እንደሆኑ እዚህ ጻፊልን።